የገና ዱላ አሠራር፤ ወይራውን ሳይገድሉ

ገና ሲቃረብ ልጆቻችን ዱላ ፍለጋ ወደ ዱር መውጣታቸው የቆየ ልማድ ነው። የዚህ ጨዋታ ዱላ ጫፉ ቆልማማ መሆን አለበትና፣ አንዳንዱ ልጅ ሥሩ አጠገብ የጎበጠ የወይራ ችግኝ ሲያገኝ ከነሥሩ ይነቅለዋል። ለአንድ በዓል ጨዋታ አንድ ዛፍ ጠፋ ማለት ነው፤ ወይራ ደግሞ በቶሎ የሚያድግ ዛፍ አይደለም። በለገዳዲ ጉዳቱ ከዚህም ያልፋል። ዳገቱ ሲራቆት ጎርፍ የሚያጥበው አፈር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ወደተሠራው ግድብ ይወርዳል፤ የእርሻችሁም አፈር አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ልጆቹን ከመከልከል ይልቅ ቀጥ ካለ ቅርንጫፍ ዱላ አጥፎ መሥራትን ብታስተምሯቸው ይሻላል።

ሥራው በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር መጀመሪያ ይጀመር። በዋዜማው የተቆረጠ እርጥብ እንጨት ይከብዳል፤ ቅርጹንም አይዝም። ከትልቅ ወይራ ላይ ከአውራ ጣት ወፈር ያለ፣ ጉጥ የሌለበት የጎን ቅርንጫፍ ምረጡ። ርዝመቱ ከመሬት እስከ ተጫዋቹ ወገብ ሆኖ ለማጠፊያው ግማሽ ክንድ ይጨመርበት። ከአንድ ዛፍ ከሁለት ቅርንጫፍ በላይ አትውሰዱ። የግንዱን ልጥ ሳትገፉ በመጋዝ ቁረጡ፤ በመጥረቢያ ተዘንጥሎ የቀረ ቁስል ቶሎ አይድንም። ባሕር ዛፍ በየደጁ ሞልቶ ሳለ ወይራ ለምን የሚል ይኖራል። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ መሰንጠቅ ስለሚወድ ለዚህ ጨዋታ እኔ አላምነውም።

አሁን ዋናው ሥራ ማጠፉ ነው። ቅርንጫፉን ሳትልጡ ጫፉን በረመጥ ውስጥ ቅበሩት፤ ነበልባል አታስነኩት። ሙቀቱ እስከ ልቡ ሲደርስ እንጨቱ ይለሰልሳል። ያን ጊዜ አውጥታችሁ በሁለት ችካል መካከል ቀስ አድርጋችሁ እጠፉትና በጠፍር እሰሩት። ሲንጣጣ ከሰማችሁ አቁሙና እንደገና አሙቁት። እንዲህ የታጠፈ እንጨት ክሩ መታጠፊያውን ተከትሎ ይዞራል። ከጣውላ ላይ በቅርጹ ተቆርጦ የወጣ ዱላ ግን ክሩ መታጠፊያው ላይ ስለሚቋረጥ በኃይለኛ ምት ይሰበራል። የቴኒስ ራኬት ከእንጨት ይሠራ በነበረበት ዘመን ባለሙያዎቹ እንጨቱን በእንፋሎት አለስልሰው ያጥፉት የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለመረቡም እንደ በገናችን አውታር የበግ አንጀት ይጠቀሙ ነበር።

ዱላው እንደታሰረ በጥላ ሦስት አራት ሳምንት ይቆይ። የተቆረጡትን ሁለት ጫፎች በእበት ለቅልቋቸው፤ ጫፍ ቀድሞ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ከዚያ ልጣችሁ በቢላዋ አስተካክሉት፣ በጠርሙስ ስባሪ አለስልሱት፣ ቅቤም ቀቡት።

ኳሷን በተመለከተ፣ ከእንጨት የተሠራችው ሩር ጥርስና ዓይን ታጠፋለች። ለልጆች ከጠፍር የምትሠራውን ጥንግ ስጧቸው። ዱላዎቹንም ከጨዋታው በፊት አንድ በአንድ ተመልከቱ፤ የተሰነጠቀ ከተገኘ በሽቦ ጠምጥማችሁ አትመልሱት፣ ለምድጃ ይሁን።