የጥበቃ ደቂቃም ዋጋ ነው

የአንድ ሸቀጥ ዋጋ ስንት ነው ቢባል አብዛኛው ሸማች የሚጠቅሰው ለባለሱቁ የሚቆጥረውን ብር ነው። የኢኮኖሚክስ ትምህርት ግን ከዚህ አልፎ ይሄዳል። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ሸማቹ የሚያጠፋው ጊዜም የዋጋው አካል ነው። ገንዘቡና ጊዜው ተደምረው «ሙሉ ዋጋ» ይባላሉ።

ይህ ትምህርት ዛሬ ከሕዝብ ጤና ጋር ይያያዛል። ምክንያቱም መጠጥ፣ ጣፋጭና ለስላሳ በእጅ ስልክ መተግበሪያ ታዝዘው በ10 ወይም በ30 ደቂቃ ውስጥ ደጃፍ የሚደርሱበት ንግድ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል።

ነገሩን በስሌት እንመልከተው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው። አንድ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የ200 ብር ቢራ አሰኘው እንበል። ሱቅ ደርሶ ለመመለስ 40 ደቂቃ ይፈጅበታል። የአንድ ሰዓት ጊዜው በ150 ብር ቢገመት 40 ደቂቃው 100 ብር ነው። ስለዚህ ሙሉ ዋጋው 300 ብር ይሆናል። በስልክ ቢያዝ ለማድረሻ 60 ብር ይጨምራል፤ መንገዱ ግን ይቀርለታል። ሙሉ ዋጋው 260 ብር ሆነ ማለት ነው። ከኪሱ የወጣው ገንዘብ ጨምሮ ሳለ ሙሉ ዋጋው በ40 ብር ወረደ። መንግሥት መጠጥ እንዲቀንስ ብሎ 40 ብር ኤክሳይዝ ታክስ ቢጥል እንኳ ዋጋው ወደ 300 ብር ይመለሳል እንጂ ከዚያ አያልፍም። ታክሱ የጨመረውን መተግበሪያው አጣፋው።

ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። ጤፍ የሚሸምት ሰው ዛሬ ባይመቸው ነገ ይገዛል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተጨማሪ ጠርሙስ ያሰኘው ሰው ግን ሱቁ ተዘግቶ ካገኘው ይተኛል፤ ሲነጋ ፍላጎቱ አልፏል። ያ ሽያጭ ቀረ ማለት ነው። ፈጣን ማድረስ የሚይዘው ይህንኑ የቅጽበት ፍላጎት ነው።

ነጋዴውም የራሱ ስሌት አለው። አንድ ሞተር ሳይክል ወተት ቢጭንም ውስኪ ቢጭንም ነዳጁና የአድራሹ ክፍያ ያው ነው። በመሆኑም ጥሩ ትርፍ ያለውን ሸቀጥ መግፋት ያዋጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በፊላደልፊያ የመሠረቱት ጎፓፍ የተባለው ድርጅት ሥራውን የጀመረው የሺሻ ዕቃ በማድረስ ነበር። በ10 ደቂቃ አደርሳለሁ ይል የነበረው የበርሊኑ ጎሪላስ በ2022 በቱርኩ ጌቲር ተገዝቷል፤ ጌቲርም በ2024 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል። ፍጥነት ብዙ ወጪ ያለው ንግድ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በአልኮል ሳቢያ 2.6 ሚሊዮን ሰዎች መሞታቸውን ገልጿል። ድርጅቱ አነስተኛ ወጪ ያላቸው ውጤታማ እርምጃዎች ናቸው ከሚላቸው መካከል ታክስ መጨመር፣ ማስታወቂያ ማገድና የሽያጭ ሰዓትን መገደብ ይገኙባቸዋል። ሦስተኛው በቀጥታ የሚነካው የሙሉ ዋጋን የጊዜ ክፍል ነው።

ለመተግበሪያዎች ሕግ ካወጡት መካከል የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ትጠቀሳለች። ከሐምሌ 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በታዘዘበት ዕለት የሚደርስ መጠጥ ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ እሑድ ደግሞ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ማድረስ ተከልክሏል። የተረካቢው ዕድሜ በመታወቂያ ይጣራል፤ ለሰከረ ሰው ማስረከብ ክልክል ነው። ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻው ግን አድራሹ «አላስረክብም» በማለቱ ገንዘብ እንዳይቀጣ መደንገጉ ነው። በጉዞ ብዛት የሚከፈለው ወጣት መታወቂያ አይቶ ዕቃውን ቢመልስ ከገቢው የሚጎድልበት ከሆነ ሕጉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ሰው ቤቱ ቢጠጣ ሰክሮ ከመንዳት ይሻላል የሚል መከራከሪያ አለ፤ እውነትነትም አለው። ሆኖም ቡና ቤት ውስጥ «በቃህ» የሚል አስተናጋጅ ይኖራል። እቤት ውስጥ ያ ሰው የለም።

በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ በብሮድካስት ማስታወቂያ ማስነገርንም አግዷል። በአዲስ አበባ ምግብን በስልክ መተግበሪያ አዝዞ በሞተር ሳይክል መቀበል ከተጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። አገልግሎቱ ለታማሚና ለሥራ ለሚጣደፍ ሰው የሚሰጠው ጥቅም ብዙ ነው፤ መከልከልም አይገባውም። ጥያቄው መጠጥ በዚሁ መንገድ ሲሄድ በር ላይ መታወቂያ የሚጠይቀው ማን ነው? በሩ ላይ የቆመው አድራሽ ከሆነ ለመጠየቁ የሚከፍለው ማን ነው? የሚል ነው። ይህን ገበያው ሳይሰፋ መደንገግ ከሰፋ በኋላ ከማረም ይረክሳል። የብሩን ዋጋ ብቻ የሚቆጣጠር ደንብ ግማሹን ዋጋ ሳይነካ ይቀራል።