አስም ስለሚባለው ቃል

አስም የሚባለው ቃል ከጽርእ፥ ማለት ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም ማለክለክ ነው። በሽታው የሚመጣው አየር ወደ ሳንባ የሚገባባቸው ቧንቧዎች ሲያብጡና ሲጠቡ ነው።

በቤኒሻንጉል ምድር፥ በአሶሳ፥ የበርታ ሰዎች በበዓል ቀን ከቅል የተሠራውን ዙምባራ ይነፋሉ። የመለከቱ ሆድ ክፍት ሲሆን ትንፋሽ ያለ ችግር ያልፋል፤ ጭቃ ቢገባበት ግን ትንፋሹ ይታፈናል። የአስም በሽተኛ ደረትም እንዲሁ ነው፤ ሲተነፍስ ያፏጫል፥ ሌሊትም ሳል እንቅልፍ ይነሣዋል። በበጋ ሣር ሲቃጠል ጢሱ፥ ደግሞም አቧራና ብርድ ሕመሙን ያስነሡበታል። ያን ጊዜ ሰዎች «አስሙ ተነሣበት» ይላሉ።

ነገር ግን የሚያስለውን ሰው ሁሉ አስም አለበት ማለት ስሕተት ነው። የሳንባ ነቀርሳም ሳል ያመጣል፤ እርሱ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፥ አስም ግን አይተላለፍም። ነቀርሳ የያዘው ሰው «አስም ነው» ተብሎ ቢተው፥ ራሱም ቤተ ሰቡም ይጎዳሉ። አስም ያለበት ልጅም «ይጋባብናል» ተብሎ ከጓደኞቹ ቢለይ፥ ያለ በደሉ ይቀጣል።

ስለዚህ 2 ሳምንት ሙሉ ሳል ያልተወው ሰው ወደ ሐኪም ይሂድ። አስም ፈጽሞ ባይድንም፥ በአፍ ወደ ውስጥ በሚሳብ መድኃኒት የጠበበው ቧንቧ ይከፈታል፤ በሽተኛውም ተምሮና ሠርቶ ይኖራል።

ለበሽታ ስም መስጠት የሐኪም ሥራ ነው። ጓደኛው የሚያለከልክበት ልጅ ግን ከጢስ ያርቀው፥ ታላላቆችን ይጥራለት፥ ከአጠገቡም አይለይ።