ስለ ጠጣር ነገር ገጽና ስለ መጠጥ ውሃ

ድንጋይም ቢሆን፥ ብረትም ቢሆን፥ ከሰልም ቢሆን፥ ማናቸውም ጠጣር ነገር በዓይን ከማይታዩ አቶሞች የተሠራ ነው። በውስጥ ያለው አቶም በዙሪያው ሁሉ ጎረቤት ስላለው ከእነርሱ ጋር ተሳስቦ ይኖራል። በገጹ ላይ ያለው ግን በአንድ ወገን ጎረቤት የለውምና ከመሳብ ኃይሉ ከፊሉ ሥራ ሳያገኝ ይቀራል። ስለዚህ በአየር ወይም በውሃ ውስጥ የሚያልፈውን ሞለኪውል ስቦ ይይዘዋል። ይኸውም ደረቅ አፈር ውሃን ወደ ውስጡ እንደሚመጥ ሳይሆን፥ ጥላሸት በማድቤት ግድግዳ ላይ እንደሚለጠፍ ያለ ነው።

ቶቢያስ ሎቪትስ የተባለው ኬሚስት እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1785 ዓ.ም. በሩስያ አገር፥ የጠቆረ ፈሳሽ ከከሰል ጋር ሲቀላቀል እንደሚጠራ አየ። ኋላም አሜሪካዊው ኢርቪንግ ላንግሚዩር፥ በገጽ ላይ ያለው ስፍራ የተወሰነ መሆኑን፥ ስፍራውም ከሞላ በኋላ ገጹ ሌላ እንደማይቀበል አስረዳ፤ ስለ ገጽ ኬሚስትሪ ምርምሩም በ1932 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ይህ ዕውቀት በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ለሚኖረው ሕዝብ ጥቅሙ ታላቅ ነው። በዚያ ካሉት ጉድጓዶች በብዙዎቹ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ነገር ከልክ በላይ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በ1 ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚህ የሚበልጠውን እየጠጣ የሚያድግ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፤ መጠኑ እጅግ ሲበዛና ዘመኑም ሲረዝም አጥንት ይጎዳል፥ ወገብም ይጎብጣል። ውሃውን ማፍላት አይረዳም፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ በቀረው ውስጥ ይበረታል እንጂ።

አየር ባነሰው ብርቱ እሳት የከሰለ የከብት አጥንት ግን ፍሎራይድን ይይዛል። ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ስለ ሆነ፥ የ1 ግራሙ ገጽ ቢዘረጋ 100 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። የእንጨት ከሰል ሽታንና ቀለምን ቢይዝም ለፍሎራይድ እንደ አጥንቱ አይጠቅምም፤ ገጽ ሁሉ አንድ ዓይነት እንግዳ አይቀበልምና።

ነገር ግን ሦስት ነገር ማስተዋል ይገባል። አንደኛ፥ የአጥንቱ ገጽ ሲሞላ ፍሎራይዱ እንደ ቀድሞው ማለፍ ይጀምራል፤ ይህም በዓይንና በምላስ ስለማይታወቅ ውሃውን በየጊዜው ማስመርመር፥ ከሰሉንም መለወጥ ግድ ነው። ሁለተኛ፥ የአጥንት ከሰል የበሽታ ጀርሞችን አይገድልም። ሦስተኛ፥ ሕዝቡ የተጠየፈውን ውሃ አይጠጣምና፥ አጥንቱ ከየትኛው ከብት እንደሚወሰድ ሽማግሌዎች አስቀድመው ተማክረው ይስማሙ ዘንድ ይገባል።