ሦስቱን ምዕራፍ በአንድ ገብስ አጥኚ

ሚጡ፣ እስቲ ያንን ሃይላይተር አስቀምጪው። ገጹ ሁሉ ቢጫ ከሆነማ ምኑን መረጥሽ? ደግሞ ቫይረስን ሰኞ፣ የዕፅዋት ቲሹን ማክሰኞ፣ ሚውቴሽንን ረቡዕ ብለሽ ከፋፍለሽ ስትሸመድጂ አያለሁ። ረቡዕ ማታ የሰኞው ከጭንቅላትሽ ጠፍቷል። እኔ የምልሽ፣ አንድ ተክል ያዢና ሦስቱንም እሱ ላይ አጥኚ። ገብስን ያዢ፤ ለምን ገብስ እንዳልኩሽ ቆይተሽ ይገባሻል።

ከቫይረሱ እንጀምር። «ሕይወት አለው ወይስ የለውም?» ስትዪ እንዳታነጊ። ፈተና ላይ የሚያዋጣሽ ያለውንና የሌለውን ማወቅ ነው። ያለው ዲኤንኤ ወይም አርኤንኤ፣ ዙሪያውን ደግሞ የፕሮቲን ሽፋን ነው፤ አንዳንዱ ላይ ከስብ የተሠራ ሌላ ሽፋን ይደረብበታል። የራሱ ራይቦዞም የለውም፣ ኃይል የሚያመነጭበትም የለውም። ሰው ቤት ገብቶ በሰው ድስት የሚያበስል ነው፤ ሕያው ሴል ካላገኘ አይባዛም። ይህቺን ከያዝሽ «አንቲባዮቲክ ለምን ቫይረስን አይገድልም?» የሚለውን መሸምደድ አያስፈልግሽም። አሞክሳሲሊን የሚያጠቃው የባክቴሪያን የሴል ግድግዳ ነው፤ ቫይረስ ግድግዳ ከየት አምጥቶ? (እማዬ ጉንፋን በያዘን ቁጥር አሞክሳሲሊን ግዙ የምትለውን ነገር አንቺው አስረጃት፤ እኔንማ አልሰማ ብላለች።)

አሁን ወደ ገብሱ። ባርሊ የሎው ድዋርፍ የሚባል፣ ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ ቫይረስ አለ። የዕፅዋት ሴል ጠንካራ ግድግዳ ስላለው ቫይረሱ በራሱ ጥሶ አይገባም። የምታስገባው ክሽክሽ ናት፤ ቀጭን ሹል አፏን ሰክታ ፍሎየም ድረስ ትዘልቅና ስኳሩን ስትመጥ ቫይረሱን እዚያ ታራግፋለች። እዚህ ጋ ቆም በይ። ለምን ፍሎየም? ዛይለም ለምን አልሆነም? ውሃና ማዕድን የሚያወጣው የዛይለም ቱቦ ሥራውን የሚሠራው ሴሉ ሞቶ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። ቫይረስ ደግሞ ሕያው ሴል ይፈልጋል ብለናል። ፍሎየም ሕያው ነው፤ ሲቭ ቱቦዎቹ ኒውክሊየሳቸውን ቢያጡም አጠገባቸው ያሉት ኮምፓኒየን ሴሎች ያኖሯቸዋል። ቫይረሱ እዚያ ተባዝቶ ፍሎየሙን ሲያበላሸው ቅጠሉ የሠራው ስኳር እንደ ልቡ ወደ ሥር አይወርድም። ሥሩ ይራባል፣ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ተክሉ ይቀጭጫል። የዛይለምና የፍሎየምን ልዩነት በሰንጠረዥ ከምትሸመድጂው ይሄ አይሻልም?

ዛይለምን በዓይንሽ ማየት ካማረሽ ወጥ ቤት ግቢ። አንድ የጎመን ቅጠል ከነዘንጉ ውሰጂ፣ የዘንጉን ጫፍ እንደገና ቁረጪና ቀይ የምግብ ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ አሳድሪው። ጠዋት ዘንጉን አግድም ስትቆርጪው ቀያይ ነጠብጣቦች ታያለሽ። ዛይለሞቹ እነሱ ናቸው። ኮለንካይማና ስክለረንካይማን ብቻ አታምታቺ፦ የመጀመሪያው ሕያው ሆኖ ይደግፋል፣ ሁለተኛው በሊግኒን ደንድኖ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይደግፋል። የእንሰት ቃጫ ጥንካሬ የሁለተኛው ሥራ ነው። እሱን እንለፈው።

ሚውቴሽን ላይ ግን ረጋ እንበል፤ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው እዚህ ነው። ያ የገብስ በሽታ በካሊፎርኒያ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ከዚያ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ የገብስ ዘር እየዘሩ ሲፈትሹ፣ በሽታውን ከተቋቋሙት አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ገብሶች ሆነው ተገኙ። ዋይዲ-2 የተባለው ጂን የመጣው ከነሱ ነው፤ በማዳቀል ወደ ሌሎች የገብስ ዝርያዎች ተላልፏል። ገብስ ያዢ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

እንግዲህ «ገብሱ ይህን ጂን እንዴት አገኘው?» ተብለሽ ብትጠየቂ «ቫይረሱ ስለመጣበት ራሱን ለመከላከል ተለወጠ» ብለሽ እንዳትጽፊ! ሚውቴሽን ማንም ስለፈለገው አይመጣም። ዲኤንኤ ሲገለበጥ ስህተት ይፈጠራል፣ ወይም ጨረርና ኬሚካል ይጎዳዋል። ከዚህ ብዙው ምንም አያመጣም፣ አንዳንዱ ይጎዳል፣ ጥቂቱ ይጠቅማል። በሽታ በመጣ ዓመት የሚጠቅመውን ይዞ የተገኘው ተክል ያፈራል፣ ሌላው ይመነምናል፤ ገበሬውም ለዘር የሚያስቀረው ካፈራው ላይ ነው። ለውጡ በአጋጣሚ ይመጣል፤ መርጦ የሚያስቀረው ሌላ ነው። ሁለቱን ለያይተሽ ጻፊ።

«ሚውቴሽን ማለት በሽታ ነው» የሚለውንም ተዪው። በሽታ ማምጣቱ እውነት ነው፤ በሄሞግሎቢን ጂን ላይ አንድ አዴኒን በታይሚን ሲተካ ግሉታሚክ አሲድ በነበረበት ቦታ ቫሊን ይገባል፣ ሲክል ሴል የሚመጣው በዚህች ብቻ ነው። ግን እዚያው የኛ ገብስ ላይ ተቃራኒውን ታገኛለሽ። ኤምኤልኦ የሚባለው ጂን ሥራውን ሲያቆም፣ ቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰ የሚያስመስለው ፈንገስ ገብሱን መውረር ያቅተዋል። እ.ኤ.አ. በ1937 እና 1938 ጀርመኖች ከኢትዮጵያ በሰበሰቡት ገብስ ውስጥ የተገኘው ይህ የተበላሸ ጂን ዛሬ በአውሮፓ በሚዘሩ ብዙ የገብስ ዝርያዎች ውስጥ አለ። መምህራችሁ የጠቃሚ ሚውቴሽን ምሳሌ ሲጠይቁ ክፍሉ ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ሲሰጥ፣ አንቺ ይህን ጻፊላቸው።

ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ስሞቹን በእንግሊዝኛ አጻጻፋቸው ተለማመጃቸው፤ ሐሳቡን ግን መጀመሪያ በአማርኛ አስረጂኝ። በይ አሁን ደብተሩን ዝጊና ክሽክሿ ቅጠሉን ከወጋችበት ጀምረሽ ንገሪኝ። የተደናቀፍሽበትን ቦታ ብቻ ተመልሰሽ ታነቢዋለሽ።