በአቃቂ ቃሊቲ የሕፃናት የዓይን ጉዳት፦ የአንድ ዓይን መታወር በየትኛው ቁጥር ይገባል?

እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የተካሄደው ሀገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት፣ የእይታ መቀነስና የትራኮማ ጥናት በኢትዮጵያ የዓይነ ስውርነት ስርጭት 1.6 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። አኃዙ የተሰላው በተሻለው ዓይን ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ አንድ ሰው ዓይነ ስውር የሚባለው የተሻለው ዓይኑ እይታ ከ3/60 በታች ሲሆን ነውና። በእንጨት ተወግቶ ቀኝ ዓይኑን ያጣ፣ በግራው ግን አጥርቶ የሚያይ የሰባት ዓመት ልጅ እዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። መመዘኛው ስሕተት ነው ማለት አይደለም፤ የተቀረጸው ለሌላ ጥያቄ ነው።

ጉዳት በአብዛኛው የሚመታው አንዱን ዓይን ነው። ኔግሬልና ቲልፎርስ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ዓለም አቀፍ ግምት፣ በጉዳት ሁለቱም ዓይኖቻቸው የታወሩት 1.6 ሚሊዮን ሲሆኑ፣ በአንድ ዓይን የታወሩት ወይም እይታቸው የቀነሰው ግን 19 ሚሊዮን ነበሩ።

በአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካው፣ ጋራዡና ብረታ ብረት ቤቱ ከመኖሪያ መንደር ጋር ተጎራብቷል፤ ዳር ዳሩን ደግሞ እርሻና ከብት አለ። በሀገራችን ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ለልጆች የዓይን ጉዳት መንስኤ እንጨትንና ድንጋይን ደጋግመው ይጠቅሳሉ፤ እዚህ ሽቦና የብረት ቁርጥራጭ ምን ያህል እንደሚጨምሩ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ጉዳቱ የከፋ ሲሆን ልጁ ከተማዋን አቋርጦ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይደርሳል። መዝገቡ የሚያውቀው ይህን የደረሰውን ብቻ ነው። ቅጣት ፈርቶ የደበቀው፣ የእናት ጡት ወተት ወይም የቅጠል ጭማቂ ተጨምሮለት ሕመሙ ሲበርድ «ድኗል» የተባለው ልጅ አይታይም። ጤናማው ዓይን ስለሚሸፍንለት ራሱም ላያውቀው ይችላል። በእኔ አስተያየት ከሆስፒታል መዝገብ ብቻ ተነሥቶ ስለ ክፍለ ከተማው ስርጭት መናገር አይቻልም።

መዝገቡ ሌላም ነገር ይሰውራል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የበርሚንግሃም የዓይን ጉዳት አጠራር ጉዳትን «ክፍት» እና «ዝግ» ብሎ ይለያል፤ ክፍት የሚባለው የዓይን ኳስ ግድግዳ ከውጭ እስከ ውስጥ ሲቀደድ ነው። እንዲህ ያለ ዓይን መጫንም ጠብታ መጨመርም አይገባም፤ ሳይነካው በጠንካራ መከለያ ተሸፍኖ ወዲያው መላክ አለበት። ቀዶ ሕክምናው ቢሳካ እንኳ የልጅ ጉዳይ በዚያ አያበቃም። ከስምንት ዓመት ገደማ በታች ያለ ልጅ አንጎል የደበዘዘውን ምስል ችላ ማለት ይለምዳል፤ ዓይኑ «ሰነፍ» ይሆናል። መነጽርና ጤናማውን ዓይን በየጊዜው መሸፈን ካልተከተሉ የተሰፋው ዓይን ላያይ ይችላል። ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጣ የተለካ እይታ እንደ መጨረሻ ውጤት ሊወሰድ አይገባም።

በክፍለ ከተማው ለሚታሰብ ጥናት ናሙናው ከቤተሰብና ከትምህርት ቤት ቢወሰድ፣ እያንዳንዱ ዓይንም ለብቻው ቢለካ ይሻላል። ፊደል ላልለዩ ልጆች የ«ኢ» ሰሌዳ ይበቃል። ዓይኑን ልጁ ራሱ በጣቱ እንዲሸፍን መተው ግን አይመከርም፤ ልጆች አጮልቀው ያያሉ። የመረጃ መሰብሰቢያው ጊዜ ክረምቱን ቢያካትት መልካም ነው፤ ትምህርት ይዘጋል፣ ለቡሄ ጅራፍ ይጮኻል፤ ወራቱ በጉዳት ብዛት ይለያዩ እንደሆነ በዚህ ይታያል። በመጠይቁ ላይ ጉዳቱ የደረሰበት ሰዓትና ጤና ተቋም የተደረሰበት ሰዓት በተለያየ ዓምድ ይመዝገቡ፤ በመካከላቸው ማን ምን እንዳደረገለትም በወላጁ ቃል እንዳለ ይጻፍ።