የአሠራር ድርሰት፦ ከጠገራ ብር ወደ ጌጥ

ሀ. ማብራሪያ

የአሠራር ድርሰት አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ በቅደም ተከተል ያስረዳል። ጸሐፊው አንዱን ደረጃ ከዘለለ አንባቢው ግራ ይጋባል። ስለዚህ «በመጀመሪያ»፣ «ቀጥሎ»፣ «ከዚያም»፣ «በመጨረሻም» የሚሉት ቃላት ሐሳብን ከሐሳብ ያያይዛሉ። ምንባቡን ስታነቡ እነዚህን ቃላት ልብ በሉ።

ለ. ምንባብ

ዋና ከተማው ከሚሴ የሆነው የኦሮሚያ ዞን በእሑዱ የሰንበቴ ገበያና በሰኞው የባቲ ገበያ የታወቀ ነው። በዚህ በወሎ ምድር ጠገራ ብር መገበያያ ብቻ ሳይሆን የሴቶች የአንገት ጌጥም ነበር። የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ መልክ የታተመበት ይህ ገንዘብ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ንግሥቲቱ የሞተችበት 1780 (እ.ኤ.አ.) የሚለው ዓመት ከዚያ በኋላ በታተሙትም ላይ አልተለወጠም። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ጠገራ ብር ከገበያ እየጠፋ ሄደ፤ በአንጥረኛው እጅ ግን ሥራ አላጣም።

አንጥረኛው በመጀመሪያ ብሩን ይመዝናል። ቀጥሎ በሸክላ ማቅለጫ አድርጎ፣ ከሰሉን በወናፍ እያናፋ ያቀልጠዋል። ከዚያም የቀለጠውን በቅርጽ ውስጥ ያፈሳል፤ ሲበርድ በጉጠት ይዞ በመስፍ ላይ ይቀጠቅጠዋል፤ እንደ ክርም ያቀጥነዋል። በመጨረሻም ክፍሎቹን በይዶ፣ አሽቶ ያጸዳዋል። ልባም ባለቤት ጌጡን ሲረከብ መልሶ ያስመዝናል።

በባሕር ማዶ ያሉ ሰዓት ሠሪዎች ደግሞ የ20 ዶላር የወርቅ ሳንቲም ለሁለት ሰንጥቀው፣ ውስጡን ቦርቡረው፣ እጅግ ስስ የሆነ ሰዓት ይደብቁበታል። በጠርዙ ላይ ያለው ስውር ቁልፍ ሲነካ ሳንቲሙ እንደ ክዳን ይከፈታል። እነርሱ የሳንቲሙን መልክ ጠብቀው ውስጡን ይለውጣሉ፤ የእኛ አንጥረኛ ግን ብሩን ጠብቆ መልኩን ይለውጣል። የቀለጠ ጠገራ ብር ተመልሶ ጠገራ አይሆንም። ስለዚህ የአያቱን ቅርስ በመልኩ ማቆየት የሚሻ ሰው ሳያስቀልጥ ማንጠልጠያ ብቻ ያስበይድለታል።

የባሕር ማዶው ባለሙያ በጥበቡ ሲከበር፣ የአገራችን ባለ እጅ ግን «ጠይብ» እየተባለ ለብዙ ዘመን ተንቋል። ጌጡን በአንገት አስሮ ሠሪውን መናቅ ግን ፍርድ ማጓደል ነው።

ሐ. መልመጃ

1. አንጥረኛው ብሩን ከማቅለጡ በፊት የሚመዝነው ለምን ይመስላችኋል?
2. «አንጥረኛው ብሩን አቀለጠው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር «ብሩ» ብላችሁ በመጀመር ለውጡ። ግሱ ምን ሆነ?
3. በአካባቢያችሁ ያለ አንድ ባለ እጅ ሲሠራ ተመልክታችሁ፣ አሠራሩን በሦስት አንቀጽ ጻፉ። ለሙያው የሚገባውን ክብር በቃላት ምርጫችሁ አሳዩ።