የሐዋርያዊ ጉዞ ስንቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

ከእናንተ መካከል «ሳድግ ሰባኪ እሆናለሁ፤ ወደ ሩቅ ሀገር ሄጄ ወንጌል አስተምራለሁ» የሚል ልጅ አይጠፋም። ይህ መልካም ምኞት ነው። አንድ ወጣት ሲያድግ ቤተ ክርስቲያን ከካህናትና ከመምህራን ጋር ለስብከተ ወንጌል ልትልከው ትችላለች። እንዲህ ያለው ጉዞ ሐዋርያዊ ጉዞ ይባላል።

መንገደኛ ከቤቱ ሲወጣ ስንቅ ይይዛል። በሶው፣ ዳቦ ቆሎው በመንገድ ላይ አይሠራም። ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ መዘጋጀት አለበት። የሐዋርያዊ ጉዞም ስንቅ እንዲሁ ነው። ልብስና ጫማ ለማሰናዳት አንድ ቀን ይበቃል። ራስን ማሰናዳት ግን ዓመታት ይፈልጋል፤ የሚጀመረውም በእናንተ ዕድሜ ነው። በዛሬው ትምህርታችን ይህ ስንቅ ምን እንደሆነ እንማራለን።

1. ሐዋርያት ከመሄዳቸው በፊት ቆዩ

ልጆች፣ ሐዋርያ ማለት የተላከ ማለት ነው። ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ደቀ መዛሙርቱን ወደ ዓለም ሁሉ ከመላኩ በፊት ከሦስት ዓመት በላይ አብረውት እንዲኖሩ አደረገ። ትምህርቱን ሰሙ፤ ተአምራቱን አዩ፤ ሲጸልይ ተመለከቱ። ከትንሣኤው በኋላም ወዲያው ሂዱ አላላቸውም። ኃይልን ከአርያም እስኪለብሱ ድረስ በኢየሩሳሌም እንዲቆዩ አዘዛቸው (ሉቃ. 24፥49)። ጌታ ያረገው በትንሣኤ በ40ኛው ቀን ነው፤ መንፈስ ቅዱስ የወረደው በ50ኛው ቀን ነው። ስለዚህ ሐዋርያት ከእመቤታችን ከቅድስት ድንግል ማርያም ጋር በአንድነት እየጸለዩ 10 ቀን ጠበቁ።

መንፈስ ቅዱስ በወረደ ጊዜ በመጀመሪያ የሰጣቸውን ስጦታ አስተውሉ። ከየሀገሩ የመጡ ሰዎች የሐዋርያትን ትምህርት እያንዳንዳቸው በተወለዱበት ቋንቋ ሰሙ (ሐዋ. 2፥6-8)። ሰው ወንጌልን በእናቱ ቋንቋ እንዲሰማ የእግዚአብሔር ፈቃድ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

2. ቅዱስ ጳውሎስና ወጣቱ ማርቆስ

ቅዱስ ጳውሎስ በደማስቆ መንገድ ከተጠራ በኋላ ወደ ዓረብ ሀገር ሄደ። ወደ ኢየሩሳሌም የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው (ገላ. 1፥17-18)። ቀጥሎም በአንጾኪያ ከበርናባስ ጋር አንድ ዓመት ሙሉ ሲያስተምር ቆየ። ወደ ሩቅ ሀገር በተላከ ጊዜም በራሱ ፈቃድ ተነሥቶ አልሄደም። በመንፈስ ቅዱስ ትእዛዝ ማኅበሩ ጾመው፣ ጸልየው፣ እጃቸውን ጭነው ከበርናባስ ጋር አሰናበቱት (ሐዋ. 13፥2-3)።

በዚህ ጉዞ ዮሐንስ የተባለው ማርቆስ ረዳታቸው ሆኖ ተከተላቸው። በቆጵሮስ ደሴት አብሯቸው ነበር። ወደ ጴርጌን በደረሱ ጊዜ ግን ተለይቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ (ሐዋ. 13፥13)። ኋላም በርናባስ «ማርቆስን እንደገና እንውሰደው» ባለ ጊዜ ቅዱስ ጳውሎስ አልተስማማም። ሁለቱ ታላላቅ ሐዋርያት በዚህ ምክንያት ተለያይተው በየመንገዳቸው ሄዱ። አያችሁ ልጆች፣ የአንድ ወጣት ከመንገድ መመለስ ለሌሎችም ኀዘን ሆነ።

የማርቆስ ታሪክ ግን በዚህ አላበቃም። ከበርናባስ ጋር እንደገና ወጥቶ አገለገለ። ቅዱስ ጳውሎስም በእስር ሳለ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስ ለአገልግሎት እንደሚጠቅመው ገልጾ ይዞት እንዲመጣ ለመነው (2ጢሞ. 4፥11)። ማርቆስ ወንጌልን ጻፈ፤ የእስክንድርያንም ቤተ ክርስቲያን መሠረተ። ስለዚህ አንድ ጊዜ የደከመ ሰው ለሁልጊዜ የማይጠቅም ነው አንበል፤ የጀመረም ሰው ዝግጅቱን አይናቅ።

3. የእኛ አባቶች ቋንቋ ተማሩ

ቅዱስ ማርቆስ ከመሠረተው ከእስክንድርያ መንበር ለሀገራችን የመጀመሪያው ጳጳስ ተሾመልን። እርሱም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ነው። አስቀድሞ ስሙ ፍሬምናጦስ ነበር። በ4ኛው መቶ ዓመት ወደ አክሱም የመጣው ገና ልጅ ሳለ ነው። በቤተ መንግሥት አደገ፤ የሀገሩን ቋንቋና ሥርዓት ዐወቀ፤ ንጉሡን በታማኝነት አገለገለ። ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለኢትዮጵያ ጳጳስ እንዲሾምላት ቅዱስ አትናቴዎስን ለመነ። ቅዱስ አትናቴዎስም ሕዝቡን ከሚያውቀው ከእርሱ የተሻለ እንደሌለ ተረድቶ ራሱን ፍሬምናጦስን ጵጵስና ሾሞ ላከው።

ተሰዓቱ ቅዱሳን ደግሞ በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከሮም ግዛት ልዩ ልዩ ሀገሮች መጡ። እነርሱም አባ አረጋዊ፣ አባ ጰንጠሌዎን፣ አባ ገሪማ፣ አባ ሊቃኖስ፣ አባ ይምዓታ፣ አባ ጽሕማ፣ አባ ጉባ፣ አባ አፍጼና አባ አሌፍ ናቸው። እንደደረሱ ወዲያው በየሀገሩ ተበትነው አልሰበኩም። በአክሱም ቤተ ቀጢን በሚባል ስፍራ በአንድነት 12 ዓመት ያህል ተቀምጠው ግእዝንና የሕዝቡን ልማድ እንዳጠኑ አባቶች ይተርካሉ። ከዚያ በኋላ አባ አረጋዊ ወደ ደብረ ዳሞ፣ አባ ገሪማ ወደ መደራ፣ አባ አፍጼ ወደ ይሐ፣ ሌሎቹም በየስፍራቸው ሄደው ገዳማትን መሠረቱ፤ ቅዱሳት መጻሕፍትንም ወደ ግእዝ ተረጎሙ። እነዚህ አባቶች መነኮሳትና ሊቃውንት ሲሆኑ እንደ ተማሪ ቁጭ ብለው ቋንቋ መማርን አልናቁም።

4. አንዲት እናትና አንድ ዕቃ ወተት

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። እስኪ አንድ ወጣት ወደ ቦረና ተላከ እንበል። ቦረና በሀገራችን በደቡብ በኩል ከኬንያ ወሰን አጠገብ የሚገኝ ሰፊ ቆላ ነው። ከከተሞቹ አንዷ ያቤሎ ናት፤ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ሕዝቡ በአብዛኛው ከብት አርቢ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ዝናብ በተደጋጋሚ ቀርቶ እጅግ ብዙ ከብት አልቆባቸዋል።

ወጣቱ ከአንድ ቤት ደረሰ። ዕለቱ ረቡዕ ነው። የቤቱ እናት እንግዳ መጣልን ብለው ደስ አላቸው፤ ወተትም በንጹሕ ዕቃ ቀድተው አቀረቡለት። ብዙ ከብት ሞቶባቸው ከቀረችው ላም ያለቡት ወተት ነው። ወጣቱ ጾመኛ ነው። ምን ያድርግ?

ያልተዘጋጀ ሰው ቢሆን ራሱን ነቅንቆ ዕቃውን ወደ ጎን ይገፋዋል። ጾሙን አልሻረም። እናቲቱ ግን ስለ ጾሙ አያውቁም። የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ እንግዳው ወተታቸውን ናቀው። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ሰው ስለ ክርስቶስ ፍቅር ቢናገር እንዴት ይሰሙታል?

የተዘጋጀው ግን ዕቃውን በሁለት እጁ ይቀበላል። በኦሮምኛ «ነጋ» ብሎ ስለ ሰላማቸው ይጠይቃል፤ ነጋ ማለት ሰላም ማለት ነው። «ገለቶማ» ብሎ ያመሰግናል። ወተቱ «ኣናን»፣ ጾሙ «ሶማ» እንደሚባል አስቀድሞ ተምሯልና ዛሬ ስለ አምላኩ ፍቅር እንደሚጾም ያስረዳቸዋል። ከዚያም ወተቱን ለቤቱ ሕፃናት እንዲሰጡለት ይለምናል። እናቲቱ አይከፉም። እንዲያውም «ይህ የምትጾምለት አምላክ ማን ነው?» ብለው ሊጠይቁት ይችላሉ። በዚያች ሰዓት ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው።

ልብ በሉ፣ ወጣቱ ጾሙን አልተወም፤ ሰውም አላሳዘነም። ሁለቱን አስማምቶ የያዘው አስቀድሞ በሰነቃቸው አራት ቃላትና በትሕትናው ነው።

5. ወጣቱ የሚሰንቃቸው ነገሮች

ሀ. ሃይማኖቱን ማወቅ። የማያውቁትን ማስተማር አይቻልም። አምስቱን አዕማደ ምሥጢር፣ ሰባቱን ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን፣ መጽሐፍ ቅዱስን በሚገባ መማር አለበት። ንስሐ ገብቶ፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብሎ ይሄዳል።

ለ. መስማት። ዲያቆኑ ፊልጶስ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ባገኘው ጊዜ አስቀድሞ ሲያነብ ሰማው፤ ቀጥሎ የሚያነበውን ያስተውለው እንደሆነ ጠየቀው፤ ከዚያ በኋላ ከሚያነብበት ስፍራ ጀምሮ አስተማረው (ሐዋ. 8፥30-35)። የቦረናም ሰው ፈጣሪውን ዋቃ ብሎ ይጠራል። ሰባኪው ይህን ከሰማ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ሰውን በዘሩ ወይም በልማዱ የሚንቅ ልብ ይዞ የሄደ ሰው ግን ባይሄድ ይሻለው ነበር።

ሐ. ሥራ መልመድ። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ ነበር (ሐዋ. 18፥3)። በቦረና ቱላ የሚባሉ ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች አሉ። ጎልማሶች ከታች እስከ ላይ ተደራርበው ቆመው፣ እየዘመሩ፣ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ ተቀባብለው ያወጣሉ፤ ከብቱንም ያጠጣሉ። በቤቱ አንድ ባልዲ ውኃ ቀድቶ የማያውቅ ወጣት በዚያ ምን ይሠራል? ቁሞ ከማየት ግን ባልዲ መቀበል ይበልጣል።

መ. ጤናን መጠበቅ። ወባ ባለበት ቆላ አጎበር ዘርግቶ መተኛት፣ ውኃ አፍልቶ መጠጣት፣ ከመነሣቱም በፊት ሐኪም ማማከር ይገባል። «እግዚአብሔር ይጠብቀኛል» ብሎ ጥንቃቄን መተው እግዚአብሔርን መፈታተን ነው።

ሠ. ፈቃድና ቡራኬ። ወጣቱ ለንስሐ አባቱ ይነግራል፤ የወላጆቹን ምርቃት ይቀበላል፤ ከሀገረ ስብከቱ የፈቃድ ደብዳቤ ይይዛል። በዚያም ከካህናቱ ቃል አይወጣም። እርሱ ያስተምራል፤ የሚያጠምቁት ካህናቱ ናቸው።

6. እናንተስ ዛሬ ምን ታደርጋላችሁ?

ልጆች፣ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይባላል። ቦረና ለመሄድ ገና ናችሁ፤ ስንቁን ለመጀመር ግን ጊዜው አሁን ነው።

በየቀኑ ጠዋትና ማታ መጸለይን ልመዱ። የወንጌል ምንባብ ሲነበብ በማስተዋል ስሙ፤ ወደ ቤት ስትመለሱ የሰማችሁትን ለታናናሾቻችሁ ንገሩ። በክፍላችሁ ወይም በሠፈራችሁ ቋንቋው ከእናንተ የተለየ ልጅ ካለ ሰላምታውን፣ ምስጋናውን ከእርሱ ተማሩ። የቀረበላችሁን ምግብ ሳታማርሩ ብሉ። እናታችሁን በሥራ እርዱ፤ ውኃ ቅዱ፤ የበላችሁበትን ዕቃ እጠቡ። ከጓደኛችሁ ጋር ስትጣሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ታረቁ፤ በረጅም ጉዞ ላይ ከባልንጀራ ጋር መኖር የሚችለው በቤቱ መታረቅን የለመደ ነውና።

ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ ወደ ሩቅ ሀገር ትላኩ ይሆናል። ሌሎቻችሁም በምትኖሩበት ስፍራ ታገለግላላችሁ። ስንቁ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ ማንም ያዘጋጀው ከንቱ አይቀርበትም።

ቃላት

ሐዋርያዊ ጉዞ፦ ወንጌልን ለማስተማር የሚደረግ ጉዞ
ከሣቴ ብርሃን፦ ብርሃንን የገለጠ
ተሰዓቱ ቅዱሳን፦ ዘጠኙ ቅዱሳን
አዕማደ ምሥጢር፦ የምሥጢር ምሰሶዎች

መልመጃ

1. ሐዋርያት ከዕርገት በኋላ ስንት ቀን በኢየሩሳሌም ጠበቁ? ምንስ ያደርጉ ነበር?
2. ማርቆስ ከየት ተመለሰ? ኋላስ ምን ሠራ?
3. ቅዱስ አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን ለምን መረጠው?
4. ተሰዓቱ ቅዱሳን በቤተ ቀጢን ምን አጠኑ?
5. ወጣቱ ወተቱን በዝምታ ቢመልሰው ኖሮ እናቲቱ ምን ይሰማቸው ነበር? ለወላጆቻችሁ ንገሯቸውና ተወያዩበት።
6. ለሚቀጥለው ሳምንት ከአንድ ጓደኛችሁ ወይም ጎረቤታችሁ በሌላ ቋንቋ አንድ ሰላምታ ተምራችሁ ኑ።

ጸሎት፦ አቤቱ አምላካችን ሆይ፣ አባቶቻችንን በየሀገሩ የላክህ፣ እኛንም ለምትወደው አገልግሎት አዘጋጀን። ጆሮአችንን ለመስማት፣ እጃችንን ለሥራ፣ ልባችንን ለፍቅር ክፈትልን። በሩቅ ሀገር የሚያገለግሉትን ጠብቃቸው። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።